ስለ መሬት መዝገብና ስለ መረጃ ቋት ጠባቂ ሥራ፤ ለአገር ገዥዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች የቀረበ ምክር



አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የተናገሩት ቃል በመሬት ነገር ከሁሉ ይልቅ እውነት ሆኖ ይታያል። ገበሬ ሲሞት ልጆቹ የሚካፈሉት፥ ባልና ሚስት ሲለያዩ ዳኛ የሚከፍለው፥ ድንበር ተገፋ ሲባል ሽማግሌ የሚመረምረው መሬቱን ብቻ ሳይሆን ስለ መሬቱ የተጻፈውን ጭምር ነው። ጽሑፉ የቀና እንደ ሆነ ክርክሩ በአጭር ቀን ያልቃል፤ ጽሑፉ የተጣመመ ወይም የጠፋ እንደ ሆነ ግን ክርክሩ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በዛሬ ዘመን ያን ጽሑፍ የሚጠብቀው በኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው የመረጃ ቋት ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ቀኑን በምን ሥራ እንደሚያሳልፍ፥ መዝገቡን የሚያበላሸው ምን እንደ ሆነ፥ ሹማምንትም በምን ሊያግዙት እንደሚችሉ ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከሐዋሳ ከተማ ነው። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፥ በኋላም የደቡብ ክልል፥ ዛሬም የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆና ብዙ የአስተዳደር ለውጥ ስላየች ለዚህ ትምህርት ትመቻለች።

ስለ ቀድሞው መዝገብና ስለ ዛሬው

የመሬትን ነገር በጽሑፍ ማኖር ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። በጥንት ዘመን ነገሥታቱ ለአድባራትና ለባለሟሎች መሬት ሲሰጡ ስጦታው ከነምስክሮቹ ስም በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ቅዱሱን መጽሐፍ ደፍሮ የሚፍቅ ሰው በቀላሉ አይገኝምና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም በደቡብ አገር መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይቈጠር ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሆኖ ቆመ።

ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ የግል ርስት ቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 እንደ ተደነገገው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፥ ገበሬው በይዞታው የመጠቀም መብት አለው። መብት ደግሞ ማስረጃ ይሻል። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቍጥር 456 የገጠር መሬት እንዲለካና እንዲመዘገብ፥ ለባለ ይዞታውም የማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጠው፥ መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ እንደ ሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1324 ይህንን ተክቶ፥ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ ፈቀደ። እንግዲህ መዝገቡን ዛሬ የሚያየው ዳኛ ብቻ ሳይሆን አበዳሪም ነው።

የመጀመሪያው ምዝገባ በገመድ ልኬትና በጎረቤት ምስክርነት በወረቀት ደብተር የተሠራ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የተባለው ምዝገባ ግን ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ድንበሩን በጎረቤቶች ፊት እያሳዩ ለእያንዳንዱ ማሳ ካርታ የሚያወጡበት ነው። ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ርዳታ በተካሄደው ሥራ በአራት ክልሎች ከዐሥር ሚሊዮን በላይ ማሳዎች ተለክተዋል። ይህንንም የሚይዝ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ ተዘጋጅቶ ወደ ወረዳዎች ወርዷል። ይህን ያህል ጽሑፍ በሣጥንና በመደርደሪያ ሊያዝ ስለማይችል የመረጃ ቋት ጠባቂ አስፈለገ።

ስለ መረጃ ቋት ምንነት

የመረጃ ቋት ማለት እህል በየዓይነቱ ተለይቶ እንደሚገባበት ጎተራ ያለ ነው። ጤፉ ከገብሱ፥ ገብሱ ከባቄላው ሳይደባለቅ በየክፍሉ ይቀመጣል። የባለ ይዞታዎች ስም በአንድ ሠንጠረዥ፥ የማሳዎች ልክ በሌላ ሠንጠረዥ፥ የኪራይና የውርስ ውል በሦስተኛው ይጻፋል፤ ሠንጠረዦቹም በመለያ ቍጥር እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ይህን ዘዴ በ1962 ዓ.ም. በጽሑፍ ያስተዋወቀው ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፥ ያን ጊዜ በአሜሪካ ለአይ ቢ ኤም ይሠራ ነበር።

ከዚህ ዘዴ ሁሉም ሹም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሕግ ይገኛል፤ ይኸውም አንድ ነገር በአንድ ሥፍራ ብቻ ይጻፍ የሚል ነው። አራት ማሳ ያለው ገበሬ ስሙ በአራት ሥፍራ ቢጻፍ፥ ስሙም ሲታረም ሦስቱ ብቻ ቢታረሙ፥ መዝገቡ ራሱ በራሱ ላይ የሚመሰክር ይሆናል። ስሙ በአንድ ሥፍራ ከነቍጥሩ ተጽፎ በማሳዎቹ ላይ ቍጥሩ ብቻ ቢቀመጥ ግን አንዱ እርማት ለሁሉ ይበቃል።

ሁለተኛው ሕግ «ሁሉም ይፈጸም፤ ካልሆነ ምንም አይፈጸም» የሚለው ነው። አባት ከመሬቱ ግማሽ ሄክታር ለልጁ ሲያወርስ ከአባት ላይ መቀነስና ለልጅ መጨመር ሁለት ሥራዎች ናቸው። በመካከል መብራት ቢጠፋ መሬቱ ከአባት ወጥቶ ወደ ልጅ ሳይደርስ ይቀራል። በደንብ የተሠራ የመረጃ ቋት ግን ሁለቱን ሥራዎች እንደ አንድ ቈጥሮ፥ ካልተፈጸሙ ነገሩን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በየወረዳው በተራ የሠንጠረዥ ፋይል ላይ የሚጻፍ መዝገብ ይህ ጥበቃ የለውም። ለጊዜው የሚመች ቢመስልም ለመሬት ነገር አይታመንም።

ስለ ጠባቂው የዕለት ሥራ

ጠባቂው በማለዳ ሥራ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚያየው ሌሊቱን የምትክ ቅጂ መወሰዱን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ዋናው ኮምፒውተር ሥፍራ እንዳልጠበበው፥ በሌሊት የወደቀ ሥራ እንደሌለ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያግዘው ባትሪ እንደሚሠራ ይመረምራል። ከዚያም ከወረዳ የመጣውን ይቀበላል። አንዱ ወረዳ ስም ተሳስቷል ይላል፤ ሌላው የሁለት ማሳዎች ድንበር ተደራርቧል ይላል፤ ሦስተኛው ፍርድ ቤት የጠየቀው ሰነድ አልተገኘም ይላል። ለእያንዳንዱም የወረቀቱን ዋና ቅጽ አውጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋራ ማመሳከር ይገባዋል።

ይህ ሥራ ሲሳካ አይታይም። መዝገቡ ሲጸና ጠባቂውን የሚያስታውሰው የለም፤ ሲበላሽ ግን ሁሉ ወደ እርሱ ይመለከታል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሰው ሲመረጥ የኮምፒውተር ዕውቀት ብቻ መታየት የለበትም። ትዕግሥት፥ ምስጢር መጠበቅ፥ የመሬቱን ሕግ ማወቅና የአገሩን ቋንቋ መስማት እኩል ያስፈልጋሉ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ትምህርት ቤቶች የሚመረቁት ወጣቶች ማሽኑን ዐውቀው ይመጣሉ፤ ገበሬውንና ቅጹን እንዲያውቁ ግን ቢያንስ አንድ የመኸር ወራት ከመሬት ለኪዎች ጋራ ወደ ቀበሌ ቢወጡ ይበጃል። ማሳ ረግጦ የማያውቅ ጸሐፊ የተሳሳተ ልክ ሲያይ አይደነግጥም።

ስለ ስም አጻጻፍ

ከችግሮች ሁሉ የሚበዛው የስም ነው። በአገራችን የቤተ ሰብ ስም የሚባል ስለ ሌለ ሰው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይታወቃል። በአንድ ቀበሌ አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች መገኘታቸው የተለመደ ነው። በዚህም ላይ ፊደላችን በድምፅ አንድ፥ በመልክ ልዩ ልዩ የሆኑ ሆሄያት አሉት። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀና በኃ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሥ ወይም ስ ሲባል ዐሥራ ሁለት፥ መጨረሻው ሴ ወይም ሤ ሲሆን ሃያ አራት፥ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ወይም ተጋጥመው ሲጻፉ ዐርባ ስምንት ይሆናል። ጆሮ አንድ ሰው ሲሰማ ኮምፒውተሩ ዐርባ ስምንት ሰዎች ያያል።

መድኃኒቱ ይህ ነው። ስሙ በመታወቂያው እንደ ተጻፈ ሳይለወጥ ይቀመጥ፤ በጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ጽሑፍ ይዘጋጅ። በዚህ በሁለተኛው ጽሑፍ ሐና ኀ ወደ ሀ፥ ሠ ወደ ሰ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። ፈላጊው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ያገኘዋል፤ የሰውዬው ስም ግን አይነካም።

በሲዳማ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የሚጠብቀውና የሚረዝመው ድምፅ ፊደሉ እየተደገመ ይገለጣል። ያው ስም በአማርኛ ሲጻፍ ግን ማጥበቅና ማርዘም አይታይበትም። ስለዚህ ሁለቱም አጻጻፍ ጎን ለጎን ይቀመጥ እንጂ ጸሐፊው ከአንዱ ወደ አንዱ በግምት አይመልሰው። ዛሬ የብሔራዊ መታወቂያ የሆነው ፋይዳ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቍጥር ስለሚሰጥ፥ ባለ ይዞታው ይህ ቍጥር ካለው ከስሙ ጋራ ቢመዘገብ ብዙ ጥርጥር ይወገዳል።

ስለ አሮጌ ፋይሎችም አንድ ቃል እንጨምራለን። ፊደላችን የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚስማሙበት በዩኒኮድ የገባው በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ በየራሳቸው ሥርዓት በተሠሩ የፊደል ቅርጾች የተጻፉ ሰነዶች በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ጠፉ ተብለው እንዳይጣሉ፤ ወደ ዩኒኮድ የሚመልሳቸው ፕሮግራም አለና።

ስለ ሚስት ስምና ስለ ባዶ ቦታ

አዋጁ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ይሁን ብሏል። ነገር ግን ጸሐፊው ለመቸኰል ብሎ የባልን ስም ብቻ ጽፎ የሚስትን ቦታ ባዶ የተወው እንደ ሆነ፥ ባል በሞተ ጊዜ ያቺ ባዶ ቦታ ሰው ከቤቱ ታስወጣለች። የባል ወንድሞች መጥተው መሬቱ የወንድማችን ነው ሲሉ መበለቲቱ የምታሳየው ጽሑፍ የላትም። ስለዚህ መረጃ ቋቱ «ያገባ» ተብሎ ለተጻፈ ሰው የሚስት ስም ካልተሞላ መዝገቡን እንዳይቀበል ሆኖ መሠራት ይገባዋል። ይህን መከልከያ ማኖር ለባለሙያው የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፤ ለመበለቲቱ ግን የዕድሜ ልክ እንጀራ ነው።

እንደዚሁም በአንዳንድ የደቡብ አገር ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ባለ ይዞታ ስለሚገኝ፥ ለሚስት አንድ ቦታ ብቻ ያለው ቅጽ ሁለተኛዪቱን ከነልጆችዋ ያስቀራል። ሚስቶች በራሳቸው ሠንጠረዥ እንዲጻፉ ቢደረግ ቅጹ ለማንም አይጠብም።

ስለ ዘመን አቈጣጠር

ኮምፒውተሮች በፈረንጅ ዘመን የሚቈጥሩ ሲሆኑ እኛ በራሳችን ዘመን እንጽፋለን። የእኛ ዓመት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው ዐሥራ ሁለት ወሮችና አምስት ቀን፥ በዘመነ ሉቃስም ስድስት ቀን የሆነች ጳጕሜን አሉት። ጸሐፊው የእኛን ቀን በፈረንጅ ቀን ቦታ ያለ ልወጣ ቢጽፍ ምን እንደሚሆን በምሳሌ እንይ። ጥቅምት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት የተደረገ የመሬት ኪራይ ውል አለ እንበል። ጸሐፊው 1/2/2013 ብሎ ቢያስገባው ማሽኑ የፈረንጆች 2013 የካቲት መባቻ አድርጎ ይይዘዋል፤ ውሉም በፈረንጆች 2018 አለቀ ይላል። ውሉ በእውነት የተጻፈው ግን በፈረንጆች 2020 ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ውሉ ሳይጻፍ ያለቀ ይሆናል፤ ተከራዩም ያለ ውል እንደ ገባ ሰው ይቈጠራል።

ማሽኑ ከእነዚህ ስሕተቶች የሚያስተውለው ጥቂቱን ብቻ ነው። ጳጕሜን 5 ቢጻፍለት ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል፤ ጥቅምት 30 ቢጻፍለትም የፈረንጆች ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውም ብሎ እንቢ ይላል። የቀረውን ግን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ የሚያስፈራውም ይህ ዝምታው ነው። ስለዚህ በቅጹ ላይ የእኛ ቀን በራሱ ቦታ እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤ የፈረንጁን ቀን ማሽኑ ራሱ አስልቶ በጎኑ ያኑረው፤ ጸሐፊ በራሱ አያስላው። ሰዓትም ሲጻፍ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ወይም በፈረንጅ አቈጣጠር ዘጠኝ መሆኑ ይገለጥ።

ስለ መለያ ቍጥር

እያንዳንዱ ማሳ የራሱ መለያ ቍጥር አለው። የተለመደው ቍጥር የክልሉን፥ የዞኑን፥ የወረዳውንና የቀበሌውን ምልክት አያይዞ በመጨረሻ የማሳውን ተራ ይጨምራል። ይህ ለማንበብ የተመቸ ነው፤ አስተዳደር ሲለወጥ ግን ችግር ያመጣል። ሐዋሳ ለዚህ ምስክር ናት። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ተወስኖ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀረው የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሆነ። በሦስት ዓመት ያህል ውስጥ አንድ ክልል የነበረው አራት ሆነ። መሬቱ ከሥፍራው አልተነቃነቀም፤ ገበሬውም በዚያው ማሳ ላይ ያርሳል፤ ነገር ግን የክልሉ ምልክት በቍጥሩ ውስጥ ስላለ ቍጥሩ ሊለወጥ ሆነ ማለት ነው። በእጁ ያለው ደብተርም፥ በፍርድ ቤት ያለው መዝገብም፥ በአበዳሪው ዘንድ ያለው ውልም የያዙት የድሮውን ቍጥር ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፤ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሠንጠረዦቹን የሚያያይዘው ቍጥር ምንም ትርጕም የሌለው ተራ ቍጥር ይሁን፤ ክልሉ፥ ወረዳውና ቀበሌው ለብቻቸው ይጻፉ፤ አስተዳደር ሲለወጥ እነርሱ ብቻ ይለወጡ። ሁለተኛ፤ የድሮ ቍጥር ከቶ አይደምሰስ፥ ለሌላ ማሳም አይሰጥ፤ አሮጌውንና አዲሱን የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፤ ወረዳ ወይም ቀበሌ ሊከፈል ሲታሰብ ጠባቂው ከውሳኔው ቀን አስቀድሞ ይጠራ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደ ተባለ፥ ወረቀቱና ሣጥኑ ከተበተነ በኋላ መሰብሰብ እጅግ ያደክማል።

ስለ ማሳ ሥፍራና ስለ ቡና

የሲዳማ ቡና ገበያው በውጭ አገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች 2023 ባወጣው ደንብ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ አገሩ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ ሥፍራ በቍጥር እንዲገለጥ ያዝዛል። ከአራት ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያ ድንበሩ ሲጠየቅ፥ ከዚያ ለማይበልጠው አንዲት ነጥብ ትበቃለች። በሲዳማ ቡናና እንሰት በጓሮ ተደባልቀው የሚበቅሉባቸው ማሳዎች አብዛኛዎቹ ትንንሾች ስለ ሆኑ ነጥቢቱ ትበቃቸዋለች፤ ነገር ግን ነጥቢቱ ትክክል መሆን አለባት።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው የሰሜንና የምሥራቅ ቍጥር መለዋወጥ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ፥ በምሥራቅ በ38 ዲግሪ ከመንፈቅ ግድም ትገኛለች፤ ቍጥሮቹ ቢለዋወጡ ማሳው በአልጀሪያና በሰርዴኛ ደሴት መካከል በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው በአገራችን ካርታዎች የተለመደውን አዲንዳን የተባለ የልኬት መሠረት ከሳተላይት መሣሪያዎች መሠረት ጋራ ማደባለቅ ነው፤ በዚህም ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። ከመቶ ሜትር ወዲያ የጎረቤት ማሳ ወይም የመንግሥት ደን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልክ ጋራ በየትኛው መሠረት እንደ ተለካ ይጻፍ፤ መረጃ ቋቱም ከክልሉ ድንበር ውጭ የወደቀ ነጥብ እንዳይቀበል ይደረግ።

ስለ ምትክ ቅጂ

በጥር 2002 ዓ.ም. በሄይቲ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ የመንግሥት ሕንፃዎች ፈርሰው በውስጣቸው የነበረው ሰነድ አብሮ ተቀብሯል። ሐዋሳም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እሳት፥ ውኃ፥ ሌባና የመብራት መዋዠቅ ደግሞ በየትም አገር አሉ። ስለዚህ የሞያው ሕግ እንዲህ ይላል፤ የመዝገቡ ቅጂ ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀመጥ፤ አንዱም በሌላ ከተማ ይኑር። በዋናው ኮምፒውተር አጠገብ የተቀመጠ ቅጂ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል።

ከቅጂው መኖር ይልቅ የሚበልጠው መፈተኑ ነው። ያልተፈተነ ቅጂ እንደሌለ ይቈጠራል። በየወሩ አንድ ወረዳ በዕጣ ይመረጥ፤ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት፤ ዐሥር የወረቀት ቅጾች ከመደርደሪያ ወጥተው ቃል በቃል ይመሳከሩ፤ የተገኘውም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ወረቀቱም ወደ ኮምፒውተር ገብቷል ተብሎ እንዳይጣል፤ ክርክር ሲነሣ የባለ ይዞታውና የጎረቤቶቹ ጣት ያረፈበት እርሱ ነውና።

ስለ ቍልፍና ስለ ሥልጣን

የመረጃ ቋት የይለፍ ቃል እንደ ማኅተም ነው። ማኅተም ለጎረቤት እንደማይዋስ ሁሉ የይለፍ ቃልም ለባልንጀራ አይነገርም። ለሁሉ የሚያገለግል አንድ የይለፍ ቃል በግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ቤት ማን ምን እንደ ለወጠ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ይሰጠው፤ ማየት ብቻ ለሚገባው ማየት፥ መጻፍ ለሚገባው መጻፍ ብቻ ይፈቀድለት፤ ሥራ ሲለቅ በዚያው ቀን ይዘጋበት። ደግሞም መረጃ ቋቱ እያንዳንዱን ለውጥ፥ ማን እንደ ለወጠው፥ በምን ቀን፥ ቀድሞ ምን እንደ ነበረና በምን ትእዛዝ እንደ ተለወጠ ይጻፍ፤ ይህንንም ጽሑፍ ጠባቂው ራሱ ሊፍቀው የማይችል ይሁን።

ለሹማምንት በአክብሮት የምናሳስበው ይህ ነው። የመዝገብ ለውጥ በስልክ ወይም በቃል አይታዘዝ። የምታዝዙት ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ጽሑፍ የሌለው ትእዛዝ ነገ ለእናንተም መከራከሪያ አይሆንም። ጠባቂው «ደብዳቤ ይምጣልኝ» ሲል እንደ ትዕቢት አይቈጠርበት፤ የሹሙን ስም የሚጠብቀው በዚሁ ነው።

ስለ መዝገብ እርጅና

መዝገብ በተጻፈበት ቀን እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው ይሞታል፥ ያገባል፥ ይፋታል፥ ያከራያል፥ ያወርሳል። ይህ ሁሉ ካልተጻፈ መዝገቡ እያረጀ ይሄዳል። በሩዋንዳ ከፈረንጆች 2009 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሩ ማሳ ሁሉ፥ ዐሥር ሚሊዮን ያህል፥ ተመዘገበ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዝውውር ወደ መዝገብ ሳይደርስ በሰፈር ስምምነት ብቻ ሲፈጸም ታይቷል። በአገራችንም የመጀመሪያው የወረቀት ምዝገባ በብዙ ሥፍራ ያረጀው ስላልታደሰ ነው። አዲስ ምዝገባ ሲጀመር በዓልና ንግግር ይደረጋል፤ የማደሱ ሥራ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ በጀትም የሚጎድለው በዚህ ነው።

ገበሬ የማያስመዘግበው መንገዱ ሲርቅበት፥ ክፍያው ሲከብደው ወይም ምልልሱ ሲያሰለቸው ነው። ስለዚህ የቀበሌው ሰው ሞትን፥ ጋብቻንና ፍችን በየወሩ ለወረዳው ቢያሳውቅ፥ ጸሐፊም በገበያ ቀን ወደ ቀበሌ ቢወርድ፥ መዝገቡ ከሕይወት ጋራ አብሮ ይራመዳል።

የምክሩ ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ለመፈጸም ከሹማምንት የሚፈለገው ሰባት ነገር ነው።

1. ለጠባቂው የተቈለፈ ክፍል፥ የመብራት መጠባበቂያና በሌላ ከተማ የቅጂ ማኖሪያ ይዘጋጅለት።

2. በየወሩ የቅጂው ፈተና ቃለ ጉባኤ ይቅረብላችሁ፤ እናንተም በእጃችሁ ፈርሙበት።

3. ለውጥ ሁሉ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ይሁን።

4. የሚስት ስም የሌለበት የጋራ ይዞታ መዝገብ በየቀበሌው ተፈልጎ ይታረም።

5. ስም፥ ቀንና የማሳ ሥፍራ ከዚህ በላይ በተነገረው ሥርዓት ይጻፍ።

6. አስተዳደር ሲከፈል ወይም ሲጣመር ጠባቂው አስቀድሞ ይማከር፤ የድሮው ቍጥር ይጠበቅ።

7. ለአዲስ ምዝገባ በጀት ሲያዝ ለማደሻም አብሮ ይያዝ።

ማሽን እውነትን አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ብቻ ይይዛል። በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ትክክል የተጻፈውን ትክክል አድርጎ ለብዙ ዘመን ይጠብቃል፤ ጠማማውንም በዚያው ታማኝነት ይጠብቀዋል። እንግዲህ የመዝገቡ ቅንነት የሚጀምረው ከሐዋሳው ኮምፒውተር ሳይሆን ገበሬውና ሚስቱ ቆመው ስማቸውን ከሚያስጽፉበት ሥፍራ ነው። ያንን ሥፍራ የምታዝዙት እናንተ ናችሁና፥ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቀበሌ ስትወርዱ አንድ ቅጽ አስወጥታችሁ ከባለ ይዞታው ፊት አስነብቡት። በዚያች ገጽ ላይ ስሙን፥ የሚስቱን ስምና የማሳውን ድንበር እንደ ዐወቀው ሆኖ ካገኘው መዝገባችሁ ጸንቷል፤ ካላገኘው ደግሞ እርማቱን በዚያው ቀን አስጀምሩ።